ከጭነቱ ጋር የሚዞር ዐይን

ሳይቱ ላይ ያለ ሁሉ «የላይኛዋ» ይላታል። የታወር ክሬን ኦፕሬተር ናት። ከሃያ ፎቅ በላይ፣ ከቁም ሣጥን እምብዛም በማትሰፋ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ፌሮ ታነሳለች፣ ፌሮ ታወርዳለች። ስሙን ያወጣላት ፊሽካ የሚሉት ሠራተኛ ነው። «የላይኛው ካልፈቀደ ቅጠል አይረግፍም፤ የላይኛዋ ካልፈቀደች ብሎኬት አይነሳም» አለና ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀው፤ ከዚያ ወዲያ ፎርማኑ እንኳ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

የፊሽካም እውነተኛ ስሙ ከተረሳ ቆይቷል። መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ምልክት የሚሰጣት ባልደረባዋ ነው። ሬዲዮ ከመጣ ወዲህ የሚሰማት ባይኖርም፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ፊሽካ አላወረዳትም። እጁን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ሽቅብ ሲቀስር የክሬኑን ክንድ ከፍ አድርጊ ማለቱ ነው፤ ቁልቁል ሲደፋው ዝቅ። ሥራ ሲያበቃ ደግሞ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ ያቆላልፋል። ሁሉም ይቁም፣ ፍሬን ይያዝ ማለት ነው። ይህ ምልክት ከታየ በኋላ ሥራ አስኪያጁ መሬት ላይ ቢንከባለል መንጠቆው ንቅንቅ አይልም፤ የሚከራከርም የለም።

አንድ ጠዋት የላይኛዋ መሰላሉ ሥር ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስትቋጥር ምድር ተገለበጠባት። ልትደገፍ የያዘችው የመሰላሉ ብረት ጨብጣው ሳለ የሸሻት መሰላት። ከዚያ አስመለሳት።

«ምን ጠጥተሽ ነው ያደርሽው?» አላት ፊሽካ ጀርባዋን ደግፎ።

«ውኃ።»

«እንግዲያው ውኃሽን ቀይሪ።»

ቀልዱ እዚያው ሞተ። ቀና ብላ ልታየው ስትሞክር ዐይኖቿ ፊቱ ላይ አላረፉም። አልፈውት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ አለፉት። ፊሽካ የዚያን ዕለት ነገር ሲያወራ «ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ» ይላል።

የረጋ ደም ነበር። ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከራስ ቅል በስተኋላ የተሸጎጠውን ትንሹን አንጎል ከሚመግቡት ሥሮች አንዱን ዘግቶታል። ሐኪሞቹ በጊዜ ደረሱላት። ትልቁ አንጎል «እዚያ ተመልከት» ብሎ ያዛል፣ አሏት፤ ዐይኑ ልክ እዚያ እንዲያርፍ፣ ሳያንስ ሳያልፍ፣ የሚያስተካክለው ትንሹ ነው። የላይኛዋ ይህን ስትሰማ ብዙም አልገረማት። ዐይን ያያል፤ ሥራው ነው። በጊዜው ያስጨነቃት እግሯ ነበር፤ መርከብ ላይ እንደቆመ ሰው አንፈራጣ ትሄድ ነበርና።

ቤት ስትመለስ ግን የዐይኗ ነገር ባሰ። የበሩን እጀታ ልታይ ትፈልጋለች፤ ዐይኗ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ይመለሳል፣ በር እንደጠፋበት ሰካራም ወዲህ ወዲያ ካለ በኋላ እጀታውን ያገኘዋል። ወደ ጎን አፍጥጣ ለመቆየት ስትሞክር ደግሞ በላስቲክ የታሰረ ይመስል ዐይኗ ወደ መሐል ይሳብና እንደገና ይፈናጠራል። ጋዜጣ ማንበብ ተወች። ሰው ፊት ለፊት ማየትም ቀነሰች፤ ሰው ራሱ ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ማየት ይጀምራልና።

ወራት አለፉ። እግሯ ተመለሰ፤ ዐይኗም ቀስ በቀስ አደብ ገዛ። የመስታወት ክፍሏን ተተኪ ይዞታል፤ ሠራተኛው «ትንሽ ወደ ግራ» ይለዋል፤ አንድ ጥቅል ፌሮ ለማሳረፍ ሲል አሥሬ ትንሽ ወደ ግራ ስለሚል። ሥራ አስኪያጁ ሳያንገራግር ቁርጡን ነገራት፦ ለክሬን ብቁ ናት የሚል የሐኪም ወረቀት በዚህ ወር ካመጣች ቦታው የእሷ ነው፤ ካላመጣች ትንሽ ወደ ግራ ቋሚ ይሆናል።

«ፈተና ከሆነ ይጠናል» አለች ልጇ።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታስተምር፣ የበር ደወል ደውላ እስኪከፈትላት መጠበቅ እንኳ የሚያንገበግባት ናት። ትዕግሥት ባይኖራትም የፈተና ብልሃት አላት፤ ከእናቷ ነው የወረሰችው። እናትየው የክሬን መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው እራት ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ የታሰረ ማንኪያ እያወዛወዘች ነው፤ ማንኪያው ስኒ ውስጥ ሳይነካካ እስኪገባ ድረስ ቤተሰቡ ሾርባውን በሹካ ሊበላ ምንም አልቀረው። እዚህ ቤት ተጠንቶ የማይታለፍ ፈተና አለ ብሎ ያሰበ የለም። አካልም እንደዚያው መሰላቸው።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቀይና ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፉ። ልጅቷ ቀለም ትጠራለች፤ እናት ጭንቅላቷን ሳታንቀሳቅስ በዐይኗ ትዘላለች።

«ቀይ! ሰማያዊ! ቀይ! አለፍሽው።»

«አላለፍኩትም።»

«እማ፣ ዐይንሽን እያየሁት እኮ ነው። አልፈሽው ተመለስሽ።»

«ትንሽ ናት።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?»

«ፊሽካ፣ ይህችን ልጅ በናትህ ወደ ቤቷ ውሰድልኝ።»

«ቤቷ ይኼ ነው» አለ ፊሽካ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ዳቦውን እያላመጠ። «ደግሞ እውነቷን ነው፤ አልፈሽዋል።»

ፊሽካ ከሥራ ሲወጣ በዚያው ይመጣና እስክሪብቶ ይዞ ፊቷ ላይ ያመላልሳል። ሐኪም ሁሉ እስክሪብቶ ያመላልሳላ። መጀመሪያ ላይ ዐይኗ እስክሪብቶውን ተከትሎ በመሄድ ፈንታ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ኳ፣ ኳ እያለ ይሄድ ነበር።

«ቀስ በል!» ትለዋለች።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ መቆሜ ነው።»

«እንግዲያው ቁም። የቆመ ነገር እኔም አያለሁ።»

ልምምዱ ከንቱ አልነበረም። ፕላስተሮቹ ጠርዛቸው ሲላላጥ፣ የላይኛዋ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ልክ እንደ ድሮዋ ትዘል ጀመር። እስክሪብቶውንም ቀስ ካለ ትከተለዋለች። ሦስቱም በልባቸው ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት።

በቀጠሮው ቀን አውቶቡስ ተሳፈሩ። የላይኛዋ ስልኳን አውጥታ የቀጠሮውን መልእክት ታነባለች። መንገዱ ቀጥ ሲል ፊደሎቹም ቀጥ። አውቶቡሱ አደባባይ ላይ ሲታጠፍ ግን ፊደሎቹ ተንሸራተቱ፤ ስልኩ እጇ ላይ ሆኖ፣ እጇ ጉልበቷ ላይ ሆኖ፣ ጽሑፉ ግን እየሸሸ ይመለሳል፣ እየሸሸ ይመለሳል። አደባባዩ ሲያልቅ መልሶ ረጋ።

«ይሄ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ከየት ነው የገዛው?» አለች።

«እማ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው» አለች ልጅቷ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል። እሷ አውቶቡሱ እየዞረም ታነብ ነበር።

የላይኛዋ ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ነገሩ ባለፈው ሳምንትም ገጥሟት ነበር፤ ያን ጊዜም የረገመችው ሾፌሩን ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ጠቅልላ እስክሪብቶ ሰክታበታለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፦ አንድ ጠረጴዛ፣ ባለ ጎማ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የዋና መነጽር የመሰለ ካሜራ ያለበት መነጽርና ዐይንን ሰሐን አሳክሎ የሚያሳይ ስክሪን። ፊሽካ መግባት ባይፈቀድለትም ገብቶ ግድግዳውን ተደግፏል።

ሐኪሟ መነጽሩን ለላይኛዋ አጥልቃ ያን እስክሪብቶ ከፀጉሯ መዘዘችው። ፊሽካ ለልጅቷ ጠቀሳት። አላልኩም?

«ጣቴን ይዩ። አሁን እስክሪብቶውን። ጣቴን። ጥሩ።» ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ሰፋፊ ዐይኖች ልክ ልካቸው ላይ ያርፋሉ። «አሁን ይከተሉት... ትንሽ ይሻክራል፤ ግን በእርስዎ ዕድሜ የብዙ ሰው ይሻክራል። በእውነት በጣም ተሻሽለዋል። ቤት ተለማምደዋል እንዴ?»

«ኧረ ወዲያ!» አለች የላይኛዋ። ፊሽካ ሳል ያዘው።

ሐኪሟ ወረቀቱን ስባ መጻፍ ጀመረች። ስትጽፍ ዝምታው ስለከበዳት ይሁን ከልቧ ልታውቅ፣ «ሥራዎ ግን እንዴት ነው? እዚያ ላይ ሆነው አይዞርብዎትም?» ስትል ጠየቀች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። የላይኛዋ ግን ስለ ሥራዋ ተጠይቃ በአጭሩ መልሳ አታውቅም።

«እኔን? የሚዞርበትስ ከታች ሆኖ የሚያየው ነው። እኔኮ የምቀመጥባት ክፍል ከክንዱ ጋር አንድ ናት። ክንዱ ሲዞር እኔም እዞራለሁ፤ ጭነቱም ከፊቴ ተንጠልጥሎ አብሮኝ ይዞራል። ከተማው ሁሉ በሥሬ ሲሽከረከር እኔና ጭነቱ አንድ ላይ ነን። ዐይኔን ከሱ ላይ አልነቅልም፤ እሱም ከዐይኔ አይጠፋም። ጭነትን ፈዞ የሚያይ ክሬነኛ ሰው ይገድላል፣ ዶክተር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እስክሪብቶው ቆመ።

«ጭነቱ አብሮዎት ነው የሚዞረው?»

«አዎ፣ አልኩሽ እኮ።»

ሐኪሟ ተነስታ ባለ ጎማውን ወንበር ወደ ክፍሉ መሐል ገፋችው። «እስቲ እዚህ ይቀመጡ። መነጽሩን አላወልቀውም። ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፣ አውራ ጣቶችዎን ያቁሙና ጥፍርዎን ይዩ። እኔ ወንበሩን አዞረዋለሁ፤ እርስዎ ጥፍርዎን ብቻ።»

«ይኼ በእኛ ቤት ክንዱን ከፍ አድርጊ ማለት ነው» አለ ፊሽካ። ማንም አልሳቀለትም፤ ይህችኛዋን ፈተና አልተለማመዷትም።

ወንበሩ ዞረ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ዐይኖች ከጥፍሩ ላይ ተንሸራተው ሸሹ፤ ተፈናጥረው ተመለሱ፤ ሸሹ፤ ተመለሱ። ወንበሩ ሲቆም ቆሙ። ወደ ግራ ሲዞር በሌላው በኩል ሸሹ። የላይኛዋ ስክሪኑ አልታያትም፤ የታያት ጥፍሯ ነው። ልክ እንደ ስልኩ ፊደሎች ነበር። እጇ የራሷ፣ ጣቷ የራሷ፣ ርቀቱ አንድ፤ ጥፍሯ ግን ይሸሻታል።

ሐኪሟ ወንበሩን አቁማ የተቀዳውን አሳየቻት።

«ይኼ ማንም ላይ ይደርሳል!» አለች የላይኛዋ። ድምፅዋ ከፍ ብሏል። «አዙረሽ አዙረሽ ስታበቂ! ይልቅ እሱን አስቀምጪው። እሱ ከእኔ የባሰ ነው፤ የቤቱን ቁልፍ እጁ ላይ ይዞ የሚፈልግ ሰው ነው።»

«እውነት ነው፣ እጄ ላይ ይዤ ፈልጌያለሁ» አለ ፊሽካ ሊያግዛት፤ ተቀመጠም።

መነጽሩን አደረገ፣ እጆቹን ዘረጋ። ሐኪሟ ወንበሩን ገፋችው። የላይኛዋ ስክሪኑ ሥር ቆማ ጠበቀች፤ አሁን ይሸሻል፣ አሁን ይሸሻል።

የፊሽካ ዐይኖች አልተነቃነቁም። ሰውየው ከነወንበሩ ይሽከረከራል፣ ጫማው ይንጠለጠላል፣ አንገቱ ላይ ያለችው ፊሽካ ወደ ጎን ትወረወራለች፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሁለት ትላልቅ ቡናማ ዐይኖች እንደተሰቀለ ፎቶ ቀጥ ብለዋል።

«ፍጥነት ጨምሪ» አለች የላይኛዋ።

ተጨመረ። ዐይኖቹ ያው ናቸው።

«አሁን ወደ ግራ።»

ያው ናቸው።

«ሊያስመልሰኝ ነው» አለ ፊሽካ። ይህን ሲልም ዐይኖቹ ጥፍሩ ላይ ነበሩ።

የላይኛዋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ምንም አያደርጉም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዝም ብለው ነው የተቀመጡት።»

«ዝም አላሉም» አለች ሐኪሟ። «ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲዞር ዐይን በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ይገፋል። ባይገፋ ኖሮ በተራመድን ቁጥር ዓለም ይናወጥብን ነበር። ከሐሳብ የፈጠነ ነው፤ አይጠይቀንም። ግን የምናየው ነገር አብሮን ሲዞር ያ ግፊት ጠላት ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ያግደዋል። አሁን እሳቸው ላይ ሁለቱም እየሠሩ ነው፤ አንዱ ይገፋል፣ ትንሹ አንጎል እኩል አድርጎ ይይዛል። እኛ የምናየው የቆመ ዐይን ነው።»

 ነገሩ ለላይኛዋ ገብቷታል፤ ምናልባትም ከሌሎቹ ቀድሞ። አየር ላይ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ ጭነት ለሚያየው ዝም ያለ ይመስላል። ኬብሉን በመዳፍ የነካ ግን ሲርገበገብ ይሰማዋል፤ ክብደቱ ሙሉ ጉልበቱን ወደ ታች ይስባል፣ ኬብሉ ሙሉ ጉልበቱን ወደ ላይ ይስባል፤ ዝምታው የሁለቱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ላይ ተቀምጣ፣ ከተማው በሥሯ ሲዞር፣ ዐይኗ ጭነቱ ላይ የረጋው ስላፈጠጠች መስሏት ነበር። በጉብዝናዋ። ለካስ ከማጅራቷ በላይ፣ ብርሃን በማይደርስበት፣ ከመዳፏ የማይበልጥ ሥጋ አንዲት ጥቅል ፌሮ ሳያመልጠው ሲያግድላት ኖሯል። ምስጋናም አልጠየቀ፤ መኖሩንም አልተናገረ።

«አንቺ ተቀመጪ» አለቻት ልጇን።

ልጅቷ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ያለ ክርክር ተቀመጠች። ዐይኖቿ ቀጥ አሉ። ለደቂቃ የማትረጋው ልጅ፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ተቀምጣ መጠበቅ የማትችለው ልጅ፣ ዐይኗ እንደ ኩሬ ረጋ። የላይኛዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንቺም» አለቻት ሐኪሟን።

«እኔ?»

«ምን አለበት? እኔ አዞርሻለሁ። ማዞር ሥራዬ ነው።»

ሐኪሟ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። የላይኛዋ ወንበሩን ጭነት እንደምታዞረው አዞረችው፤ ሳትነጥቅ፣ ቀስ ብላ አስነስታ፣ ቀስ ብላ አፍጥና። የሐኪሟም ዐይን ቆመ። ከውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በክፍተቱ አጮልቆ ሐኪም አውራ ጣቷን ቀስራ ስትሽከረከር አየና በሩን መልሶ ዘጋላቸው።

«ይመለሳል?» አለች የላይኛዋ በመጨረሻ።

«የዐይንዎ ዝላይ ተመልሶልዎታል። ይህኛው... አላውቅም። አንዳንዱን ሰው ይሻለዋል፣ የአንዳንዱ ባለበት ይቀራል። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና አየዋለሁ። ለዛሬ ግን ክሬን የሚል ወረቀት መጻፍ አልችልም።»

«ክሬኑ እኮ እንደዚህ ወንበር አይፈጥንም» አለ ፊሽካ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ላይ መልሳ ሰካችው።

ሲመለሱም በአውቶቡስ ነው። አደባባዩ ሲደርስ የላይኛዋ እጇን ዘርግታ አውራ ጣቷን አቆመች። ጥፍሯ ሸሸ፣ ተመለሰ። ከጎኗ ፊሽካም አውራ ጣቱን አቆመ፤ ከፊት ወንበር ልጅቷ ዞራ አቆመች።

«ይኼ ሁሉ አድናቆት ለኔ ነው?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያቸው።

«ላንተ ነው» አለችው የላይኛዋ። «በጣም ጥሩ ትነዳለህ። ባለፈው ሾፌሩን የረገምኩት ተሳስቼ ነው።»

ሳይቱ ጋ ወረዱ። ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ አንድ ጥቅል ፌሮ አንስቶ በሰማዩ ላይ እያዞረ ነው። ፊሽካ ልጅቷን ትንሽ አስቀድሞ ለእናትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ሌላ ሐኪም እንሂድ። ዝላዩን አልፈሻል፣ እስክሪብቶውን አልፈሻል። ተሽከርካሪ ወንበር የሌለው ሐኪም በዚህ ከተማ አይጠፋም። ሥራሽን ደግሞ አታውሪለት፤ ቢጠይቅሽ ቢሮ ነው የምሠራው በይ። ሌላውን እኔ ከታች ሆኜ አሳይሻለሁ። እኔን አታምኚኝም?»

እውነቱን ነበር። ወንበር የሌለው ሐኪም ይገኛል፤ እሷም ታልፋለች። ከዚያ ነገ ጠዋት ወደ መስታወቷ ክፍል ትወጣለች፤ እሱ እንደ ልማዱ መንጠቆው ሥር ይቆማል፤ ክንዱ ሲዞር ጭነቱ ከዐይኗ ይሸሻል፣ ይመለሳል።

ሽቅብ አየች። ጭነቱ ለሷ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ጋ፣ ከዚያ እዚያ ጋ፣ መሐሉ የለም። ዐይኗን አውርዳ በአጥሩ በኩል የሚያልፉትን ሰዎች አየች። የበር ጠባቂው፣ ጎማ የሚያንከባልል ሰው፣ ልጇን ያዘለች ሴት፣ ሁሉም ቆም ብለው ፌሮውን እያዩ ነበር። ዐይኖቻቸው ከፌሮው ጋር ይሄዱ ነበር፤ ሳይፈናጠሩ፣ ሳይዘገዩ፣ ውኃ ላይ እንዳለ ቅጠል። የታዘለው ሕፃን እንኳ አፉን ከፍቶ፣ ጭነቱን በዐይኑ ተሸክሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አደረሰው። አንዳቸውም ምን እየሠሩ እንደሆነ አያውቁም። የላይኛዋ ፌሮው እስኪያርፍ ድረስ እነሱን ስታይ ቆየች።

ከዚያ ወደ ፊሽካ ዞረች። ዐይኖቿ ፊቱ ላይ ልክ አረፉ፤ ይህን ተለማምዳዋለች። ሁለት እጇን አንስታ ሆዷ ላይ አቆላለፈች።

ፊሽካ አፉን ሊከፍት ነበር። ያን ምልክት አይቶ የተከራከረ ግን እስከ ዛሬ የለም።